የጎደለች ፊደል

ከሶም ወንዝ ማዶ፣ ካንዲት ትንሽ መንደር፣
የሟቾቹ ስም ዝርዝር በድንጋይ ሲሰደር፣
ጠራቢው ብርድ ይዞት፣ ወይ ቸኩሎ ለምሳ፣
ከማክሳንስ ስም መሐል አንዲት «ን» ረሳ።

«ለአንዲት ፊደል ብለን ድንጋይ አንቀይርም»
አሏት ከንቲባው። ኦርታንስ አትከራከርም፤
በየኅዳሩ ማለዳ፣ ጥሩምባው ሳይነፋ፣
በጠመኔ ትጽፋታለች፣ ዝናብ እስኪያጠፋ።

ሠላሳ አንድ ዓመት።
                ከዚያ እሷም ዐረፈች፤
ጠመኔዋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቀረች።

ዘንድሮም ተማሪዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤
«ማክሳስ!» ይላል አንዱ፣
«ለፈረንሳይ ሞተ!» ሌሎቹ ይመልሳሉ፣ አበባ ይቀመጣል፤
ከእናት ያልተወለደ ሰው በክብር ይዘከራል።

ዝቅ ያለው ባንዲራ ለእሱ ግን አይደለም፤
ያ ግራኙ ማክሳንስ፣ ድንች መልቀም የሚጠላው፣
እዚያው ጭቃው ውስጥ ነው፤ የሚጠራው የለም።