ምስክሩ ውሃ

ሉዋንግ ናምታ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣
ግድግዳው ላይ እንሽላሊቷ የራሷን ስም ትጠራለች፣
እኔ ጓንት እቀይራለሁ።

ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ፣
አራት ሚሊ ደም፤ ስሙ ቶንግዲ፣ ዕድሜው ዘጠኝ፣
ትኩሳቱ አሥራ አንድ ቀን።
ሲቀዳ አይቻለሁ፤ አንጓው ላይ
ነጭ የጥጥ ክር ታስሮበታል፣
ሠላሳ ሁለቱ ነፍሶቹ እንዳይበተኑ
እናቱና ጎረቤቱ እየመረቁ ያሰሩት።
ሲሱፋን መርፌውን ስትሰካ ክሩን አልፈታችም፤
ገፋ አድርጋ አለፈችው።

እኔ ደግሞ ሌላ ክር ፈላጊ ነኝ፤
ከሩዝ ማሳ ዳር፣ ከሳሩ ውስጥ፣
ከአቧራ የምታንስ ቅንቅን
ነክሳ የዘራችበትን።
ሳህን ላይ አይበቅልም ይሄ ዘር፤
ሳምንት ቢጠብቁት ዝም፣
ከሰው ሕዋስ ካልተጠለለ አይኖርም።
ስለዚህ ቤቱን ማፍረስ ነው።

ደሙን አሾረዋለሁ፤ ቀዩ ከታች፣ ቢጫው ከላይ፣
በመሐል ስስ፣ እንደ ወተት ስልባቦት፣ ነጩ።
እሱን ብቻ።
ፕሮቲን የሚበላ ጠብታ፣ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ፣
አልኮል፣ ከዚያ የመስታወት ወንፊት፤
ጉድፉ ይወርዳል፣ ክሩ ይጣበቃል።
አጥበዋለሁ። ደግሜ አጥበዋለሁ።
በመጨረሻ የምትቀረው
አንዲት እንባ አትሞላም፤
በውስጧ የቶንግዲ ዘር በሚሊዮን፣
የእንክርዳዱ ምናልባት ሦስት።

ከጎኑ ሁሌም ሌላ ብልቃጥ አስኬዳለሁ፣
ውሃ ብቻ።
በየደረጃው አብሮ ይጓዛል፤ ደም የለው፣ በደል የለው፤
ምስክሬ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቶንግዲ መስመር ሽቅብ ሄደ፤
እልል ልል ስል
ውሃውም ተነሳ።

ሰው «ውሃ የማያነሳ ወሬ» ይላል፤
የኔን ወሬ ግን ውሃው ራሱ ተነስቶ ጣለው።
የማን ጣት? የየትኛው ጫፍ ፍንጣቂ?
የትናንት በሽተኛ በዛሬ ብልቃጥ?
«አለበት» ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅ፤
ምናልባትም እውነት ነው።
በምናልባት ግን አይፈረም።

ጠረጴዛውን በበረኪና አጠብኩ፤
አዲስ ጓንት፣ አዲስ ውሃ፣
ከተረፈችው ደም ሀ ብዬ ጀመርኩ።
ዝናቡ አባራ።

ሲነጋ ውሃው ተኝቷል፣ እንደ ረጋ ኩሬ፤
ቶንግዲ በሠላሳ አምስተኛው ዙር ብቻውን ተነሳ።
ወረቀቱን ይዤ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ።

ሽማግሌው ዶክተር ሳይዞም
«ቁስሉን ማታ አገኘሁት» አለኝ፣ «ከብብቱ ስር፣
በሲጋራ እንደተተኮሰ ጥቁር። ክኒኑን ጀምሯል።»
ወረቀቴን ግን ሁለቴ አነበበው፣
አጥፎም ከደረት ኪሱ ከተተው።

ቶንግዲ ተኝቷል።
እናቱ እጄን ያዘች፣ ምንም አላለችም፣
አንጓዬ ላይ ክር ቋጠረች።

ላቦራቶሪ ክር አይገባም፤
ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ዛሬ ማታ ሁለት ጓንት ደረብኩ።