አንድ ጥንድ ጓንት

ታቦር ግርጌ፣ አቧራ ሜዳ፣ የሰፈር ዋንጫ ፍጻሜ፤
አራተኛ በረኛ ነኝ፣ አግዳሚ ላይ ያለቀ ዕድሜ።
አሰልጣኝ ላንቃሞ በአንድ ሰው አያምንም፤
ለማዕዘን ዱካሌን፣ ለቅጣት ቡናሮን፣
ለረጅም ምት ሀሜሶን፣ ሲቀያይር አይደክምም።
የወጣም ተመልሶ ይገባል፣ የሰፈር ሕግ ነው፤
ጓንቱ ግን አንድ ጥንድ፣
ከእጅ እጅ እየዞረ የሁሉን ላብ የጠጣው።

ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ። ፉጨት። ፍጹም ቅጣት ምት።
ላንቃሞ ዞረ፣ ስሜ ጠፋው፤
«አንተ ረጅሙ፣ ግባ!» አለኝ በደነገጠ ፊት።
ጓንቱን ሳጠልቅ ሞቀኝ፤
የቡናሮ ጣት ከውስጥ እንደ ወንድም ያዘኝ።
ከመረቡ ጀርባ አባ ኮዳ፣ የዓሣ አንጀት ጠግቦ፣
አንገቱን ቀብሮ ያየኛል፣ እንደ ዳኛ አስቦ።

መቺው ሮጠ። እኔ ወደ ግራ።
ኳሷ ከአግዳሚው በላይ፣ ወደ ሐይቁ፣ ከቄጠማው ጋራ።
ሕዝቡ ጮኸ፣ ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባውን ነፋው፤
ጣቴ እንኳን አልነካት፤ ልጁን ነው ዒላማ የጠፋው።

«ውጣ! ሀሜሶ ይግባ፣ እሱ ያርቃታል!»
ላቤ ሳይደርቅ ጓንቱ ከእጄ ወጥቷል።

አሸነፍን አሉ።
ማታ እጄን አሸተትኩ፣ ሳልታጠብ፤
የአራት ሰው ላብ።
የኔዋን ጠብታ ስፈልግ ነጋ።