ሁለት ቮልት

ቮልቮዬ አሮጊት ናት፣ በዕድሜ ታላቄ፣
ጋዜጣ ጭኜባት ሌሊቱን ዘልቄ፣
ከአርቪድሻውር ወዲያ፣ በጥዱ መሐል፣
ስድሳ ሁለት ሳጥን በስድሳ ሁለት በር፤ ይህ ነው የኔ ውል።

በዚህ አገር በታኅሣሥ፣ ፀሐይ እንደ ባለዕዳ፣
በበር ሽንቁር አጮልቃ ትመለሳለች ጓዳ፤
የቀረው ሁሉ ጨለማ ነው፤ ጥድ፣ በረዶ፣ መንገድ፣
የጧፍ ጭላንጭል ብቻ ከፊት ከፊቴ ሲሄድ።

አምፖል ቀየርሁ። ደግሜ ቀየርሁ።
መስተዋቱን በጥርስ ሳሙና ፈተግሁ።
ያው ነው። ጭላንጭሉ ያው።
ጓደኛዬ ሰማ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ዘንድ የሚሠራው፣
ድሮ ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና ኤሌትሪክ ሠሪ የነበረው፣
ይርዳው፤
ቅዳሜ መጣ፣ መለኪያ ይዞ፣ ባለ ሁለት ገመድ ያለው።

«ባትሪህ የሚልከው አሥራ ሁለት ነው፣ ያውም ሙሉ፤
አምፖሉ ጋ የደረሰው አሥር። ሁለቱ የት ገቡ? በሉ!»
አለ፣ እኔ ብቻዬን ቆሜ፣ ጉባኤ እንደሚጠይቅ፤
ከዚያ በጣቱ ተከተለው ሽቦውን፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ሲሸማቀቅ።

«አየህ፣ ይሄ ቀጭን ሽቦ ከባትሪው ተነስቶ፣
እስከ መሪህ ይመጣል፣ በማብሪያው ሆድ ገብቶ፣
በዚያኛው በኩል ወጥቶ፣
እንደገና ወደ ፊት፤ በየኬላው እየከፈለ፣
ለዝገቱ፣ ለላላው ብሎን፣ ለሙቀቱ እያካፈለ።
እንደ እርዳታ ስንዴ ነው፤ መጋዘን ሳለ ኩንታል፣
ደጅህ ሲደርስ ቁና ይሆናል።»

ከኪሱ ሪሌ አወጣ፤ የክብሪት ቤት የሚያህል ጥቁር ሳጥን።
«ከእንግዲህ ይሄ ይዟል የበሩን ሥልጣን፤
ማብሪያህ ቃል ብቻ ያቀብላል፤
ሸክሙን በዚህ ወፍራም ሽቦ፣ በአቋራጭ፣ ባትሪው ራሱ ያደርሳል።»

ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቆ ግራውንዱን አሠረ፣
ፊውዙን ከባትሪው ሥር፣ በአንድ ስንዝር አኖረ፤
«ያለዚች ክር፣ ወንድሜ፣ መብራት ሳይሆን እሳት ነው የምታበራ።»
ጣታችን ደንዝዟል። ሦስት ብሎን በላን በረዶው፤ አራተኛው ግን ሠራ።

ማብሪያውን ስነካው
«ጠቅ» አለች ሪሌዋ፤ የጥዱ ቅርፊት ተነበበ፣
በረዶው ነጭነቱ ትዝ አለው፤ ጨለማው እንደ ምንጣፍ ተሰበሰበ።

ያን ሌሊት ከሠላሳ ዘጠነኛው ሳጥን እስከ አርባኛው፣
ሦስት አጋዘን አየሁ። ጉድጓዱንም አየሁት፣ ጎማዬን ሁለቴ የበላኝ ያኛው።
ከዚያ፣ ጥምዝማዙ ላይ፣
ሰው።
ባልቴት። ሸርታቴዋን ይዛ፣ ጥቁር ካፖርቷን እስከ ጉልበት በረዶ የዋጠው።

ፍሬን ያዝሁ። መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ።
«በዚህ ሰዓት? ከመቼ ጀምሮ?» አልሁ።
«እንቅልፍ እምቢ ካለኝ፣» አለች፣ «ከአምናው ክረምት ወዲህ፤
ሌሊት ሌሊት እዚህ።
የመኪናህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከሩቅ ስሰማው
ወደ በረዶው ገብቼ እቆማለሁ፣ እስኪያልፍ ጫጫታው።
አንዴ እጅጌዬን ነክተኸኝ ሄደሃል።»

ሁለት ክረምት። ክንድ የማይሞላ ርቀት።
በእኔና በሷ መካከል የነበረው፣ ለካ፣ ሁለት ቮልት።

ምን ልበላት? አፌ ውስጥ ያለው ቋንቋ ሁሉ ቀዘቀዘ።
ሞተሩ ብቻ አጉተመተመ፣ እንፋሎቱ ተጓዘ።

«ጉንቦሪ እባላለሁ፤ ሳጥን አርባ አንድ። ጋዜጣዬ ቀርቶብኝ አያውቅም፤
እግዜር ይስጥህ። ግን በናትህ ይሄን መብራት ዝቅ አድርገው፤ አሁንስ እኔ ነኝ የማላይህ፣ ፈጽሞ አይታየኝም!»

ረጅሙን አጥፍቼ አጭሩን አበራሁ። «ጠቅ።»
ብርሃኑ ከፊቷ ወርዶ፣ ቡት ጫማዋ ላይ ድርቅ።

ጋዜጣዋን ከእጄ ተቀብላ፣
ከመኪናው አፍንጫ ፊት ጎንበስ ብላ፣
የአየር ትንበያውን ፈልጋ አነበበች።
«ነገም ጨለማ ነው» አለች።