የአብሽ ጆንያ ላይ

የክር ፋብሪካው ሰው፣ ታንቪር ነው መጠሪያው፣
ጣቱን ሰደደና ወደ አብሽ ጆንያው
«ሜቲ» አለኝ ቆሞ፣ የአዳማ ነፋስ እርዴን ሲበትን።
ሜቲማ ብር ነው በኦሮምኛችን፤
መልስ አጎደልኩ ብዬ ኪሴን ስፈትሽ
ሳቀና ዘገነ። ሜቲ ኖሯል አብሽ!

ከሙኑን «ዚራ» ይላል። «ማን ዘራ?» እላለሁ።
ድንብላሉን «ዳኒያ»፤ ዳኛ እሰማለሁ።
ጥቁር አዝሙድ አሽቶ «ከሎንጂ» ሲል ግን
ዝም ይላል ድንገት። እኔም ዞር አደርጋለሁ ዓይኔን።

አንድ ቀን አስረዳኝ በሰባራ አማርኛ፦
ምላስ አጠፍ ሲል ያቺው ቃል «ጣፋጭ» ናት።
ይቺ መራራዋ? እንዴ! እኛ
ሌሊት ዘፍዝፈን፣ ሦስቴ ውኃ ቀይረን አይደል የምንጠጣት?

ውሉ አልቆ ሄደ በጥቅምት መባቻ፣
በካርቶን ቁራጭ ላይ ስሟን ትቶ ብቻ፦
ከቀኝ ወደ ግራ፣
ሁለት ነጥብ ከላይ፣ ሁለት ነጥብ ከሥር።
ነፋስ ይጥላታል። አነሳና ጆንያው ላይ እሰካታለሁ።
«ክታብ ነው?» ይሉኛል። «አብሽ ነው» እላለሁ፤
ማንም አያምነኝም። ኪሎ እመዝናለሁ።