ጾም የማያውቅ ጾመት

ጾመት ይሉታል መንገድ ሲጋጠም፣
ለአዲስ መጤ ጆሮ ይመስላል ጾም።
አስራ አንድ ዓመት ደጁን ስጠርግ
አንድ ቀን እንኳን ሲጾም አላየሁም።

ቂርያት ጋት፣ ከዳቦ መጋገሪያው ፊት፣
ሮማን ጎዳና ከወይራ ጎዳና የሚላተምበት፣
ሌላው ጠራጊ ቅጠል ይጠርጋል፣
እኔ መስታወት።

አደጋን በቀለሙ አውቀዋለሁ።
ቀይ ከሆነ የኋላ መብራት ነው፣ ነገሩ በስድብ አልቋል።
ብርቱካናማ ከሆነ አንዱ ሊታጠፍ አስቦ ነበር፣
ሐሳቡን ሳይጨርስ ቀርቷል።
እንደ ጨው የደቀቀ ነጭ ከሆነ ግን
መጥረጊያዬን አቁሜ ዳር ዳሩን አያለሁ፣
ጫማ ፍለጋ።

አንድ ማክሰኞ ያገኘሁት
የግራ እግር ነበር፣ ቁጥሩ ሠላሳ ሦስት፣
የዛናሽ ልጅ፣ የቢያድግልኝ።
ትምህርት ቤት ጊዲ ይሉታል፣ ለአፋቸው እንዲቀል።
እናቱ ግን ለእራት በጠራችው ቁጥር
ሳታውቀው ትለምናለች፣
ስሙ ራሱ ልመና ነው።

መዝገቡ ላይ «ቀላል ጉዳት» ብለው ጻፉ።
መቼም የጻፈው ሰው ልጁን አዝሎ
አራተኛ ፎቅ አልወጣም።
እኔና አባቱ ተራ ገብተን ወጣን፣
ዘጠኝ ወር፣
ሊፍቱ ከፋሲካ በፊት ተበላሽቶ
ከሱኮት በኋላም አልተሠራም ነበር።

ከዚያ መሐንዲሷ መጣች፣ ላሪሳ፣
ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣
በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያ ይዛ።
«በአምስት ዓመት ሰባት አደጋ» አለችኝ ከወረቀቷ።
ባልዲዬን አሳየኋት።
መጀመሪያ ሳቀች።
ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለችና
በእርሳሷ ጫፍ ቀዩን ከነጩ ለየች።
«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»
«ካልተጻፈው» አልኳት።

ኢየሩሳሌም አንድ ጠረጴዛ አለ፣
የመንገድን ክፋት በነጥብ የሚመዝን።
ለሞት ይህን ያህል፣ ለስብራት ይህን ያህል።
ለድንጋጤ ነጥብ የለውም።
ምርኩዟን ይዛ፣ ማዶ ማዶውን እያየች፣
ሃያ ደቂቃ ቆማ ወደ ቤቷ ለተመለሰች አሮጊት
ነጥብ የለውም።
ነጥባችን አንሶ ሁለት ጊዜ ተመለስን።
በሦስተኛው ተሳካ፦
ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ሰቅል።
ላሪሳ የባልዲዬን ፎቶ አያይዛ ነበር ይባላል፣
እሷ ግን አልነገረችኝም።

ደብዳቤው የተነበበ ዕለት ወንበር ተደረደረ፣
ውሃ በፕላስቲክ ኩባያ ዞረ።
ዛናሽ ከኋላ ቆማ በጆሮዬ፣
«ዋጋውን አሁን ነገሩን» አለች፣
«ዕቃው ከተሰበረ በኋላ።»

ሥራው በሾላው ዛፍ ጀመረ።
ምሳዬን የምበላበት ሾላ፣
ፍሬው ሲረግፍ የምራገመው፣ ሐምሌ ሲመጣ የምመርቀው።
«ዕይታ ይከልላል» አለች ላሪሳ።
ሹፌሩ ከየት እንደመጣ፣ ልጁ የት እንደቆመ
በእጇ አሳየችኝ።
መካከል ላይ እሱ ነበር፣
እኔ ጥላ ብዬ የተቀመጥኩበት።
አልተከራከርኩም።
መጋዙ ሲጮኽ ዳቦ ልገዛ ገባሁ፣
ዳቦ ግን አላስፈለገኝም ነበር።

አሁን መንገዱ ክብ ሆኗል።
በእኛ ቋንቋ አደባባይ ነው፣
ድሮ ሰው አቤት የሚልበት፣ ዳኛ የሚፈርድበት፣
እዚህ መኪና የሚዞርበት።
ይሁን። የኛም ነገር አረፈደች እንጂ
አደባባይ ወጣች።

ቢያድግልኝ አስራ አራት ዓመቱ ነው።
ዛሬ ጠዋት ስልኩን እያየ ተሻገረ፣
ግራ እግሩን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ እየጎተተ።
ነጩ መኪና ቆሞ ጠበቀው።
ቀና ብሎ እንኳ አላመሰገነም።
እሰይ።
እንዲህ ይሻገር፣ ዕድሜ ልኩን፣ ሳያመሰግን።

በባልዲዬ አሸዋ አለ፣ የሱፍ ቅርፊት አለ፣
የአንድ ሕፃን ጡጦ ክዳን።
ሾላው የነበረበት ፀሐይ ነው።
ኮፍያ ገዛሁ።