ሦስት ሚሊ

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን የሚደልቅበት፣
ከወፍጮው ቀጥሎ ያለው፣ በገመድ የሚታሰር በር ያለበት፣
እሱ ነው የእኔ ሥራ ቤት።

አጂፕ ለሚከፈት ምግብ ቤት አርባ ወንበር ታዘዝኩ።
በወንበር ስምንት ቦይ። አባዛሁና ደነገጥኩ፤
ሦስት መቶ ሃያ ጊዜ፣ በመሮ፣ በመዶሻ፣
ለመስቀልም አልደርስ፣ እንኳን ለሐምሌ መጨረሻ።

አባቴ አባ ፎጊ በርጩማ ጠራቢ ነው።
ከአንድ ግንድ ነው የሚያወጣው፣ መቀመጫውን ከነእግሩ፤
ኮላ አያውቅ፣ ብሎን አያውቅ፤ አንድ ሥጋ ነው ዳር እስከ ዳሩ።
ከጅሬን እየወረደ፣ ጠዋት ጠዋት ከደጄ ላይ፣
መጥረቢያውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ፣ ሥራዬን ሲያይ፣
"እንጨት አፋትቶ መልሶ ማጋባት
ምን የሚሉት ሙያ ነው?" ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት።

ራውተር ገዛሁ፣ ያገለገለ፣ በጭነት መኪና የመጣ፤
ሲነሣ የተቆጣ ንብ፣ ሲያርፍ ጭስ ጭስ የሚል ጣጣ።
ፎርማ ሠራሁ ከኮምፔንሳቶ፦ መሐሉ አንድ ጠባብ መስኮት፤
የራውተሩ ቀለበት ጠርዙን ተደግፎ እንዲሄድበት፣
በቀለበቱ ውስጥ ያለው ጥርስ እንጨቱን እንዲበላ፣
ቀለበት እየመራው፣ ጥርስ እየተከተለ፣ ከፎርማው ሳይጣላ።

የመጀመሪያውን ቀን ግን መስኮቱን በምላሱ ልክ ቆርጬ፣
ቦዩ ጠበበ፤ ምላሱ አልገባ አለ፤ ገፋሁት ጥርሴን ነክሼ፤
ዋንዛው ከአንገቱ ጧ!
አባባ ሳቀ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሳቀ።

ማታ ለካሁ። ቀለበቱ አሥራ ስድስት፣ ጥርሱ አሥር።
ትርፉ ስድስት። ለሁለት ጎን ሲካፈል፣
ሦስት ሚሊ በዚህ፣ ሦስት ሚሊ በዚያ።
ለካ ፎርማ ከሚወልደው ሰፋ ማለት አለበት፤
ልክክ ካለ ልጁን ያፍናል፣ ትንፋሽ ያጥርበት።
ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም።
ጮክ ብዬ ያልኩት፣ "ከሊፋ፣ ሞርሳውን አጥብቅ" ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሄደ።
በአንድ ጉርሻ አይበላም ዋንዛ፤ ሦስቴ ነው፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፤
የጎረቤት ወፍጮ ዱቄት፣ የእኔ ሳጋቱራ፣ አየር ላይ ሲተዋወቅ፣
ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ቦይ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ፣
ተደረደረ ግድግዳው ላይ።

የመጨረሻው እግር ሞርሳ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ።
ጠበቅን። አዌቱ ሞላ ሲሉ ሰማን። መብራት አልመጣም።
ሊጭን የመጣው አይሱዙ ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ።

አባባ ተነሣ።
"መሮ አምጪ" አለኝ፣ ያን ሁሉ ክረምት ያላለኝን።
ፎርማውን እግሩ ላይ አስተኛ፤ እርሳስ ከጆሮዬ ነጠቀ፤
የመስኮቱን ዳር ይዞ ዙሪያውን አሠመረ።
እኔ ስልኬን አብርቼለት አየሁ፦ ያሠመረው መስኮቱን ነው፣
ቦዩን አይደለም።
ሦስቷን ሚሊ አፌ ውስጥ ያዝኳት፤ አልተፋኋት፣ አልዋጥኳት።

እንዴት ያምር ነበር ሲቆርጥ! የሰባ ዓመት እጅ፤
ጥግ ጥጉ ስለት፣ ወለሉ መስተዋት። አይ እጅ!
ምላሱን ሰካ። ምላሱ ተንገዳገደ፤
ሊወልቅ እንደ ደረሰ የልጅ ጥርስ፣ ወዲህ ወዲያ ሄደ።

ፎርማውን አነሣ፤ ቀለበቱን አየ፤ እንደገና ፎርማውን።
በአውራ ጣቱ ጥፍር ለካ የጎንና ጎኑን ክፍተት።
እኔ አልሳቅኩም። ከሊፋም፣ አላህ ይስጠው፣ ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

ከዋንዛ ፍላጭ ሁለት ቀጫጭን ስንጣሪ ላጠ፤
አንዷን በዚህ፣ አንዷን በዚያ፣
ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፦
"ኮላ።"

እስኪደርቅ ማን ይጠብቃል? ሾፌሩ ይጮሃል።
የበሩን ገመድ ፈትቼ አርባኛውን ወንበር ወገቡን ጠፈርኩት፤
እንደ ታሰረ ተጫነ።
ያን ሌሊት ሥራ ቤቴ
በሩ ሳይታሰር አደረ።