ታኮ

ኮምቦልቻ ነው የገዛነው፣ ከደረቅ ወደቡ ጀርባ፣
ከተዘጋ ጣውላ ቤት፤ ዶሮ ትተኛበት ነበር፣ አቧራው ላዩ ላይ ካባ።
ሻጩ ገመዱን ሳበ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሞተሩ ሳል ሳል አለ።
«ግፊቱ ሃያ ቶን ነው፣ በዘይት የሚሠራ» አለ።
አባቴ ቶን አያውቅም። «በምሳር ስንት ነው?» አለ።

ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም።
የሠላሳ ዓመት ወገብ ነው የጠየቀው፤ ሒሳቡ አልጠፋኝም።
ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ደጃፍ
ጉቶ ሲቆጥር የኖረ፣ ትከሻው ያጋደለ እንደ ነፋስ መታው ዛፍ።
እቁቤን ከመቀነቴ ፈታሁ፤ የሁለት ዓመት ሌሊት፣
የፈትል ክፍል ብናኝ፣ የጆሮዬ ጩኸት።
ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ የለም።
«በቃ፣ ያንቺ ነው» አሉኝ፤ የኔ ሲባል ለካ ዐሥር እጅ ካልገፋው አይሄድም።

ጎማ አለው፤ የልጅ መጫወቻ የሚያህል፣
ግቢ ለግቢ የሚያዘግም እንጂ አስፋልት የማይችል።
አራጋው አይሱዙውን አስጠጋ፤ ሽንኩርት ጭኖ የመጣበት፣
ገለፈቱ ገና ያልተጠረገ፤ ሁለት ሳንቃ አጋድመን፣ «ያ ረቢ» ብለን ሰቀልንበት።
ገመዱ ባቲ ላይ ግመል ያሰረ ነው።
አባቴ ከኋላ ወጣ፤ ጋቢውን ለራሱ ሳይሆን ለብረቱ አለበሰው።
«ይበርደዋል እንዴ?» ብለው፣
«ደሴ እኮ ነው የሚወጣው!»

ሐረጎ ላይ፣ ሦስተኛው ኩርባ፣
ማርሹ አልገባም አለ። አይሱዙው ቆመ፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ፣ ቀስ፣ ቀስ።
ፍሬኑ ጮኸ፤ ገመዱ ላላ፤ ማሽኑ ወደ ገደሉ ዞረ፤
ረዳቱ ለታኮ ድንጋይ ፍለጋ ሮጠ፤ እዚያ ኩርባ ላይ ድንጋይ አልነበረ።
አባቴ ዘለለ። በስልሳ ሁለት ዓመቱ።
ከጋቢው ሥር
(ለምን ይዞት እንደመጣ እስካሁን አልነገረኝም)
ምሳሩን አወጣ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ሸጎጠ።
መኪናው አንዴ አቃሰተ።
እጀታው ቀጭ አለ።
ብረቱ ያዘ።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ጋቢውን ገልጦ «ይሄ ምንድነው?» አለ፤
አራጋው ላቡን እየጠረገ «ምሳር ነው፤ ያደገ» አለ።

ደሴ በመግሪብ ገባን፤ ጦሳ ጉሙን ተከናንቧል።
ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ቁልቁለት ነው፤ ኮብልስቶኑ ረጥቧል።
የሰፈሩ ወንድ ወጣ፤ ግማሹ ይገፋል፣ ግማሹ ያዛል፤
የእትዬ ዝማም አጥር ሁለት ክንድ ፈረሰ። (ይታጠራል።)
ገና ሳይወርድ ተዋሱት፤ ይሄ ለቅዳሜ ሠርግ፣ ያ ለማክሰኞ ዝክር፤
ደቂቃ ነው የሚፈልጥበት፤ ለመድረሻው ግን አንድ ቀን፣ አንድ መኪና፣ አንድ አጥር።

በማግስቱ ሞተሩን አስነሣሁ።
ግቢያችን ዘቅዘቅ ይላል፤ የምሳሩን ብረት ከጎማው ሥር ከተነዋል።
አባቴ ጉቶውን አስተኛ፣ እግሩን ከፈት አደረገ፣
መዳፉ ላይ እንትፍ አለ፣ አሸት አሸት አደረገ፣
ከዚያ ግራ ገባው።

የሚጨብጠው የለም። አንዲት ዘንግ፣ በጣት የምትገፋ።
እርጥብ እጁን አየ። እኔን አየ።
በሽርጡ ጠረገና በአንድ ጣቱ ነካት።

ጉቶው ተከፈተ፤ ሽታው ያው የባሕር ዛፍ ሽታ ነው።
«ድምፅ የለውም» አለኝ አባቴ፣
ሞተሩ እየጮኸ።